ደመና ቆጣሪውና የግራው ወንበር

ወንበር ሰውን ከሰው ያጣላል ሲባል ኖሯል። ይህችን ልጅ ግን ያጣላት ከራሷ ጋር ነው፤ ያውም አንድ ሳይሆን ሁለት ወንበር። አንደኛው በትልቅ አውሮፕላን በስተቀኝ፣ ሌላው በትንሽ አውሮፕላን በስተግራ። ለእኔና ለእናንተ ወንበር ወንበር ነው፤ ከተመቸን እንቀመጣለን፣ ካልተመቸን እንነሣለን። ለአብራሪ ግን የግራው የካፒቴኑ ነው፣ የቀኙ የረዳቱ። በመካከላቸው አንድ ክንድ ቢኖር ነው፤ ያችን አንድ ክንድ ለመሻገር ግን ሰው ጸጉሩ እስኪሸብት ይለፋል።

እሷ የትልቁ አውሮፕላን ረዳት አብራሪ ናት። ውቅያኖስ ተሻግራ ታድራለች፣ በሌላ አገር ማለዳ ትነሣለች። ከረዳቶቹ መካከል ብዙ የቆየችው እሷ ስለሆነች ወረፋዋ ከላይ ነው። የወሩ የበረራ ፕሮግራም ሲወጣ ቀድማ ትመርጣለች፤ ስትፈልግ እረፍቷን ታጠራቅምና ሳምንት ሙሉ የት ገባች እስክትባል ትጠፋለች። አሁን ኩባንያው በትንሿ ባለፕሮፔለር አውሮፕላን ካፒቴን ሁኚ አላት። ካፒቴን የሆነ ሰው ደግሞ በአዲሱ ወረፋ ከጭራ ይጀምራል። የጭራ ሰው የራሱ ቀን የለውም። ተጠባባቂ ነው፤ ስልክ ሲጮህ ይነሣል፣ ባይጮህም ይጮህ ይሆናል እያለ ታስሮ ይውላል። አንዴ የመረጠ ለዓመታት መመለስ አይችልም። መልስ የሚሰጠው እስከ ዓርብ ቀትር ነበር፤ መልስ ያልሰጠ ባለበት ይቀራል።

እናቷ ነገሩን የሰሙ ዕለት ቤቱ አልበቃቸውም። በልብስ ስፌት አንድ ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው፤ "የካፒቴን እናት" የሚለውን ስም ገና ሳይሰጣቸው ለብሰውት በየጎረቤቱ ዞሩ። ልጃቸው እስቲ ላስብበት ስትላቸው ግን ፊታቸው ጠቆረ። ምን የሚያሳስብ ነገር አለው ብለው ጠየቁ፤ መልሱንም ራሳቸው ያውቁት ነበር።

መልሱ ደመና ቆጣሪው ነው። ይህን ስም ያወጡለት የከተማው ሰዎች ናቸው፤ እነሱ በፍቅር ይሉታል፣ እናትየዋ በንቀት። ሰውየው በሐይቅ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ የአየር ሁኔታ ተመልካች ነው። ከመስታወት ክፍሉ ሆኖ ነፋሱን፣ ደመናውን፣ ዓይን የሚያይበትን ርቀት ይመለከታል፤ ያየውን በሬዲዮ ለአብራሪዎች ይነግራል። እሷ ሥራ የጀመረችው በዚያችው ባለፕሮፔለር አውሮፕላን በረዳትነት ነበር፤ መጀመሪያ የወደደችውም ድምፁን ነው። ማዕበል ቢሆን፣ ብራ ቢሆን፣ ያ ድምፅ አይቸኩልም። አንድ ቀን ጎማ ተበላሽቶ በከተማዋ ማደር ግድ ሲሆንባቸው የድምፁን ባለቤት ልታይ ደረጃውን ወጣች። እንደዚያ ካለ ወፍራም ድምፅ ሥር እንዲህ ያለ ቀጭን ሰው ይኖራል ብላ አላሰበችም ነበርና ሳቋ አመለጣት። እሱም ምን እንዳሳቃት ገብቶት አብሯት ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ወደ ትልቁ አውሮፕላን ብትዛወርም ልቧ አልተዛወረም። እናቷ "ዓለምን ዞራ ዞራ ደመና ቆጣሪ ላይ ልታርፍ?" ያሉት ይህን በሰሙ ጊዜ ነው።

ወዳጆቿ ነገሩ ቀላል ነው አሏት። ካፒቴን ሁኚ፣ ትንሿን አውሮፕላን ያዢ፣ በእሱ ከተማ በየቀኑ ታርፊያለሽ፤ ማዕረጉም ፍቅሩም በአንድ ቀን። እሷ ግን ያንን ማረፍ ታውቀዋለች። ሃያ ደቂቃ ነው። ተሳፋሪ ይወርዳል፣ ተሳፋሪ ይወጣል፤ እሱ ከላይ በመስታወት፣ እሷ ከታች በመስታወት፣ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ማደሪያዋ ዋናው ከተማ ነው፤ የእረፍት ቀኗ ደግሞ የስልኩ ነው። በትልቁ አውሮፕላን ብትቆይ ወር ጠብቃ ትመጣለች፤ ስትመጣ ግን ቀኑ ሙሉ በሙሉ የራሷ ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። በሕፃንነቷ የተመኘችውን ወንበር የምትተወው ከሆነ፣ የምትተውለት ሰው ይፈልጋት እንደሆነ ማወቅ ነበረባት። እሱ ደግሞ በስልክ በጠየቀችው ቁጥር "አንቺ ያልሽው" ይላል። ስለዚህ ሐሙስ በተሳፋሪ ወንበር ተቀምጣ ከአፉ ልትሰማ ሄደች።

*

ሥራውን ጨርሶ ሐይቁ ዳር በድንጋይ ግንቡ ላይ ይጠብቃት ነበር። ሁለት ብርጭቆ ሻይ ከጎኑ አስቀምጧል። ሲያያት ተነሣ፤ ሁለቱም ተቃቅፈው ትንሽ ቆዩና ተቀመጡ። መጀመሪያ ስለ ሌላ ነገር አወሩ፤ ስለ እህቱ መንታ ልጆች፣ ስለሚያፈሰው የማረፊያው ጣራ። ፀሐይዋ ወደ ውሃው ስታዘቀዝቅ ግን ወሬው አለቀ።

"ነገ ቀትር ላይ መልስ እሰጣለሁ" አለችው። "የቱን ልምረጥ?"

ውሃውን ተመለከተ። ያንን አመለካከት ታውቀዋለች፤ በሬዲዮ ከመናገሩ በፊት ሰማዩን እንዲህ ነው የሚያየው። ቀጥሎም በዚያው በማይቸኩለው ድምፅ ዘረዘረላት። በግራው ወንበር ማዕረጉ አለ፣ ደሞዙ ይሻላል፣ በየቀኑ እዚህ ትመላለሻለሽ፤ ግን ተጠባባቂ ነሽ አላት። በቀኙ ከቆየሽ ቀንሽ ያንቺ ነው፤ ማዕረጉ ግን መቼ ተመልሶ እንደሚመጣ አይታወቅም አላት። ከሁለቱ በአንዱ ላይ ድምፁን ከፍ ወይም ዝቅ አላደረገም።

"ይህንን እኔም አውቀዋለሁ።"

"እንደምታውቂው አውቃለሁ።"

"አንተስ?"

"ውሳኔው ያንቺ ነው።"

እዚህ ላይ በሰውየው መፍረድ ቀላል ነው፤ እኔም ፈርጄበት ነበር። ነገር ግን የሥራውን ሕግ ስሙ። ሥራውን ያስተማሩት ሰው አንድ ነገር አስምለውት ነበር። ተመልካች ያየውን ይናገራል፤ "ውረድ" አይልም፣ "ተመለስ" አይልም፤ መሬት ላይ የቆመ ሰው ምኞት ሰማይ ላይ ያለውን ሰው ይገድላልና። ይህንን መሐላ ዕድሜውን ሙሉ ጠብቆታል። ስህተቱ መሐላውን ከመስታወት ክፍሉ ይዞት ወርዶ ፍቅሩ ላይ ማዋሉ ነው። የሚፈልገውን ከተናገረ የሚገፋት መሰለው። ዝም ማለቱን እንደ ክብር ቆጠረው።

እሷ የሰማችው ክብር አይደለም። ብትመጣም ባትመጣም ግድ የሌለው ሰው ነው የሰማችው። በዚያ ድምፅ ተማምና ስንት ጊዜ በዝናብ ውስጥ አርፋለች፤ ዛሬ ግን የምታርፍበት ቦታ አጣችበት።

"የአየር ትንበያ ልሰማ አይደለም ይህን ያህል መንገድ የመጣሁት" አለችና ተነሣች።

እሱም ተነሣ። አፉን ከፈተ፤ አንድ ነገር ሊናገር እንደፈለገ አንገቱ ላይ ታየ። በመጨረሻ የወጣው ግን "ሻይሽን አልጠጣሽም" የሚል ነበር። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የዚያ ሰው ዝምታ ግን በዚያች ምሽት ሁለት ልብ አነቀዘ። ወደ እንግዳ ማረፊያው ብቻዋን ስትመለስ እንባዋን የጠረገችው ክፍሏ ገብታ በሯን ከዘጋች በኋላ ነው።

*

ጠዋት ስትነሣ ከተማዋ የለችም። ሐይቁ ጉሙን ተፍቶት አጥሩም፣ መንገዱም፣ ማዶ ያለው የውሃ ታንከርም ጠፍተዋል። የአውሮፕላን ማረፊያው ሰው ሁሉ ያንን ታንከር ያውቀዋል። ከመስታወት ክፍሉ ታንከሩ ከታየ አውሮፕላን መነሣት ይችላል፤ ካልታየ አይችልም። ትንሿ አውሮፕላን ትናንት ማታ ጉሙ ቀድሟት ሳትነሣ እዚያው አድራ በጉሙ ውስጥ ጅራቷ ብቻ ይታያል። ተሳፋሪዎቹ በመጠበቂያ ክፍሉ ተጠጋግተው ተቀመጡ፤ አብራሪዋም ከነሱ መካከል።

የዕለቱ ካፒቴን ሽበታቸው የከበዳቸው፣ ወገባቸውን እያሹ የሚሄዱ ሰው ናቸው። በረዳትነት ስትጀምር ያስተማሯት እሳቸው ነበሩና ብርጭቆ ሻይ ይዘው አጠገቧ ተቀመጡ። ስለ ግራው ወንበር ወሬው ደርሷቸዋል። እንኳን ደስ አለሽ ለማለት አልቸኮሉም።

"እኔ በጊዜው አልጠየቅሁም፤ ሲሰጡኝ ተሻማሁ" አሏት። "ልጄ አፍ ስትፈታ አባቴ የሚኖረው አውሮፕላን ማረፊያ ነው ትል ነበር። ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።"

"ይቆጭዎታል?"

"ወንበሩ አይቆጨኝም። ጥሩ ወንበር ነው። ሳላስብበት መቀመጤ ነው የሚቆጨኝ።" ሻያቸውን ፉት አሉ፤ ወደ ላይ ወደ መስታወት ክፍሉ በአገጫቸው አመለከቱ። "ያ ሰውዬ ደግሞ እስከ ዛሬ በአንዲት ስንዝር አልዋሸኝም። ጉም ሲሆን ዓይኔ እሱ ነው።"

እሷም ወደ ላይ አየች። ቀጭኑ ሰው ጀርባውን ሰጥቷት ቆሟል። በዚያን ጊዜ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣላት፤ ክፉነቱን እያወቀች አላባረረችውም። ጉሙ እስከ ቀትር ይቆይ። በከተማዋ ስልክ የሚሠራው በፀሐይ ቀን ነው፤ ቀትር ያልፋል፣ መልስ ሳትሰጥ ባለችበት ትቀራለች። ጉሙ ይምረጥላት። የማንም ጥፋት አይሆንም። ወዲያው አፈረች። ሕይወቷን በእጇ ስታበር የኖረች ሴት መሪውን ለጉም ልትሰጥ መሆኗ ታወቃት።

ጉሙ መሳሳት ጀመረ። መጀመሪያ አጥሩ መጣ፣ ቀጥሎ መንገዱ። ተሳፋሪዎች ቦርሳቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። እሷ ግን ዓይኗን ከመስታወቱ አልነቀለችም። ሰውየው ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ ወደ ታንከሩ አቅጣጫ ያያል። ከወትሮው ይልቅ ብዙ አየ። ሬዲዮውን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠው። እንደገና አነሣው። ከአፍታ በኋላ በካፒቴኑ እጅ ያለው ትንሽ ሬዲዮ ተንኮሻኮሸና ያ ድምፅ ወጣ። ታንከሩ ታይቷል፤ ሰማዩ እየተከፈተ ነው። ድምፁ አልቸኮለም፤ ግን እሷ ብቻ የምታውቀው አንድ ነገር ተሰብሮበት ነበር። እንድትሄድ መንገዱን የከፈተላት እሱ ራሱ መሆኑ አንጀቷን በላው።

*

ተሳፋሪዎቹ ወደ አውሮፕላኗ ሲያመሩ እሷ ከኋላ ቀረች። በዚያ ሰዓት ደረጃው ሲንኳኳ ሰማች። አውሮፕላን ሜዳው ላይ እያለ ከክፍሉ ወርዶ የማያውቀው ሰው ወረደ። ኮት አልለበሰም። ከፊቷ ቆመ፤ እጁን የት እንደሚያደርገው አላወቀም።

"ታንከሩን ቀደም ብዬ ነው ያየሁት" አላት።

"ምን ማለትህ ነው?"

"ብልጭ ብሎ ጠፋ። እርግጠኛ እስክሆን ልጠብቅ አልኩ። ሁለተኛ ሲታየኝ ግን እርግጠኛ ነበርኩ፤ ሬዲዮውን ይዤ ዝም አልኩ። በዕድሜዬ ጉም ተመኝቼ አላውቅም። ዛሬ ተመኘሁ። እንዳትሄጂብኝ።" ዓይኑ ቀላ። "ከዚያ አፈርኩ፤ የታየኝን ተናገርኩ። የሰማዩን ተናገርኩ፤ የራሴን ግን ትናንትም አልተናገርኩም።"

እሷም ያንኑ ጉም ስትመኝ እንደነበር ልትነግረው አሰበች፤ መጀመሪያ ግን የእሱን ልትሰማ ፈለገች።

"ተናገረው እንግዲህ" አለችው።

"ሃያ ደቂቃሽን አልፈልግም" አለ። "በመስታወት እጅ ማወዛወዝ ሰልችቶኛል። ሙሉ ቀን ነው የምፈልገው። ተኝተሽ ስታረፍጂ፣ ስትነጫነጪ፣ ጫማሽ ጠፍቶሽ ቤቱን ስታምሺ ማየት እፈልጋለሁ። ከሰዓት በኋላ ምንም ሥራ ሳይኖረን አብረን መሰልቸት እፈልጋለሁ። ይህን ስል ካፒቴንነትሽን እየተሻማሁሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ዝም ያልኩት። የግራውን ብትመርጪም የትም አልሄድም፤ ሃያ ደቂቃውንም ቢሆን እዚያ ቆሜ እቀበላለሁ። ግን ምን ትፈልጋለህ ካልሽኝ የምፈልገው ይኸው ነው።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ቃሉ አሁን ወጥቷል። በልቧ ደስታና ንዴት አንድ ላይ ገቡባት። ትናንት ይህችን ቢላት ሌሊቱን በእንባ አታድርም ነበር፤ ይህንንም ነገረችው። ግን ሌላም ነገር ገባባት፤ ኀዘን ነው። ቃሉን በመጓጓት ስትጠብቀው ምን ያህል እንደሚከብድ አልመዘነችውም ነበር። ከሜዳው ማዶ ካፒቴኑ ወገባቸውን ደግፈው ወደ ግራው ወንበር ሲወጡ ታዩዋት። ያን ወንበር ከልጅነቷ ጀምራ ፈልጋዋለች። የሚገባትም ነው። ማንም አልሰጣትም፤ በላቧ ያገኘችው ነው።

ካፒቴኑ በአውሮፕላኗ በር እስኪገቡ ድረስ በዓይኗ ሸኘቻቸው። እሱም አላቻኮላትም።

"የቀኙን እመርጣለሁ" አለች በመጨረሻ። "ግን አንድ ነገር ስማኝ። ለአንተ ብዬ ነው አልልህም። ለአንተ ብዬ ነው ካልኩ አንድ ቀን ተጣልተን አስከፍልሃለሁ። እኔም ያንን ቀን ስለምፈልገው ነው። ሰማይ ላይ ብዙ ኖሬያለሁ፤ መሬት ላይ ገና አልኖርኩም። ለራሴ ነው።"

"ቢቆጭሽስ?"

"ይቆጨኛል። ሲቆጨኝ እነግርሃለሁ። አንተም ያን ጊዜ ውሳኔው ያንቺ ነው እንዳትለኝ፤ ዝም ብለህ እቀፈኝ።"

እስከዚያ ጊዜ አልጠበቀም። በጥበቃው፣ በሻንጣ ጫኞቹ፣ በመስኮት በተደረደሩት ተሳፋሪዎች ፊት አቀፋት። ሸሚዙ ጉሙን ጠጥቶ ቀዝቅዞ ነበር፤ ደረቱ ግን ይመታል። አውሮፕላኗ ስትነሣ ከመስኮቷ ቁልቁል አየችው። እጁን አላወዛወዘም፤ ሜዳው ላይ ቆሞ ያለቅሳል። እሷም በተሳፋሪ ወንበሯ ላይ፣ ከጎኗ የማታውቀው ሰው እያየ፣ ሳትደብቅ አለቀሰች።

*

ዋናው ከተማ ደርሳ ከቀትር በፊት መልሷን ሰጠች። ስልኳን አጥፍታ ወደ እናቷ ቤት ሄደች።

እናቷ ሸሚዞቿን ይተኩሱ ነበር። ቀና ብለው አዩአት፤ ካውያውን ይዘው ቀሩ።

"እማ፣ ባለሁበት ቀረሁ።"

ቁጣ ጠብቃ ነበር። እናትየዋ ግን ሸሚዙን ገልብጠው ሌላውን እጅጌ ያዙ።

"ስትሄጂለት ምን ያህል ትቆያለሽ?" ሲሉ ጠየቁ ሳያዩአት።

"ካጠራቀምኩት ሳምንት ይሆናል፤ በየወሩ።"

"ሳምንት።" እናትየዋ ካውያውን አቆሙት። "አባትሽ ከባድ መኪናውን ሲያቆም የፍሬኑን ድምፅ ከመንደሩ መኪና ሁሉ ለይቼ አውቅ ነበር። ሞተሩን ሲያስነሣም አውቅ ነበር። በመሃል ያለውን ግን አላስታውሰውም። አጭር ነበር። ሲሞት የተለቀሰለትን ሰው አላውቀውም ነበር፤ መምጣቱንና መሄዱን ነው የማውቀው።" ወደ ልጃቸው ዞሩ። "እኔ ካፒቴን ሁኚ ያልኩሽ ለወሬ ብቻ መሰለሽ? አዛዥ ስትሆኚ ማንም ቁጭ ብለሽ እንድትጠብቂ አያደርግሽም ብዬ ነው።"

ልጅቷ ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር። አባቷ በዚህ ቤት ሁሌ ጀግና ነበሩ፤ የሚመጡ፣ ስጦታ የሚያመጡ፣ የሚሳቅላቸው። የእናቷን ዕድሜ አሁን ገና አየችው። ተንበርክካ ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ ጣለችና፣ ያልሆነችውን ካፒቴን እንደ ሞተ ሰው አለቀሰችላት። እናትየዋም ከልጃቸው ጋር አብረው አለቀሱላት፤ እሳቸውም ያችን ካፒቴን ይወዷት ነበር።

እንባው ሲያልቅ እናትየዋ በቀሚሳቸው ጫፍ የልጃቸውን ፊት ጠረጉ።

"ይዘሽው ነይ" አሉ። "ያንን ደመና ቆጣሪ። ግን ቸኩሎ እንዳይመጣ በይው። የሚቸኩል ሰው በዚህ ቤት በቅቶኛል።"